መጽሐፉን ማን ጻፈው? ሥዕሉንስ ማን ሣለው?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት በጥቂቱ ታርሟል)



እኔን የምታውቁኝ በቁጥር ነው። በየጉባኤው ቆሜ የቁጠባውን፣ የብድሩንና የመዋጮውን ሂሳብ አነባለሁ፤ እናንተም ትጠይቁኛላችሁ። ዛሬ ግን ሰብሳቢያችን «ስለ ልጆች መጻሕፍት ተናገሪ» ብላኝ ነው የቆምኩት። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ባለፈው ስብሰባ ሁለት ሐሳቦች ቀርበው ሳይወሰንባቸው ቀርቷል። አንዱ ለልጆች የንባብ ጥግ ከማኅበሩ ገንዘብ በየዓመቱ ትንሽ ይመደብ የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ደጋፊዎች መጽሐፍ በካርቶን ሊልኩልን ፈቃደኛ ከሆኑ እኛ ለምን ገንዘብ እናወጣለን?» የሚል ነው። ሁለቱም ከልብ የተነገሩ ናቸው። የዘይቱንና የጤፉን ዋጋ እያየን ለሥዕል መጽሐፍ ገንዘብ እናውጣ ማለት ቀላል አይደለም። ይህን እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ መዝገቡ እጄ ላይ ነውና።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ከመግዛታችንም፣ በስጦታ ከመቀበላችንም በፊት መጽሐፉን ማን እንደጻፈው፣ ሥዕሉንም ማን እንደሣለው እንጠይቅ። ይህን መጠየቅ ከጀመርን ጥሩውን መጽሐፍ ከመጥፎው መለየት እንችላለን፤ ገንዘባችንም ሆነ የደጋፊዎቻችን ልፋት በከንቱ አይቀርም። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

ሥዕሉ ቀድሞ ይነበባል

በየቤታችን በሥዕል የሚያነቡ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ነው። ሌላዋ ፊደል የመቁጠር ዕድል ያላገኘች እናት ናት። በማኅበራችን መዝገብ ላይ በፊርማ ፈንታ ጣታቸውን የሚያሳርፉ እናቶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ ነውር አይደለም፤ ዘመኑ የነፈጋቸው ነው። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች የመጽሐፉ ደራሲ መጀመሪያ ሠዓሊው ነው።

ባለፈው ክረምት ከአባሎቻችን አንዷ አንደኛ ክፍል ከምትማር ልጇ ጋር የንባብ ጥጋችን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አየኋት። መጽሐፉን የያዘችው እናትየዋ ናት። ቃሉን ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን ገጹን እየገለጠች «ይኸውልሽ፣ ጅቡ ከዛፉ ሥር ተደብቋል፤ ፍየሏ አላየችውም» እያለች ትተርካለች። ልጅቷ ደግሞ ከሥር ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል እየቆጠረች «አይ እማዬ፣ ፈርቶ ነው እንጂ ተደብቆ አይደለም ይላል» ብላ ታርማታለች። ከዚያ ክርክር ሆነ። እናትየዋ የጅቡን ጅራት እያሳየች ተሟገተች፤ ልጅቷ ፊደሉን እያሳየች ተሟገተች። እዚያ ቆሜ ሳያቸው ንባብ የሚባለው ይኸው ነው አልኩ። ያ ክርክር የተነሣው ሠዓሊው የጅቡን ጅራት አስቦበት ስለሣለው ነው። ሥዕሉ እንደነገሩ የተጣለ ቢሆን ኖሮ እናትየዋ የምትናገረው፣ ልጅቷም የምታርመው ነገር አይኖርም ነበር።

ይህ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን የተሳለመች ሁሉ ታውቀዋለች። ከጣሪያው የመላእክቱ ፊት ወደ ታች ያያል፤ ግድግዳው በቅዱሳን ታሪክ ተሞልቷል። አያቶቻችን ብራና ሳያነቡ ታሪኩን ያወቁት ከግድግዳው ነው። ሌላም አለ። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በሸራ ላይ በ44 ሣጥን ከፋፍለው የሚሥሉ ባህላዊ ሠዓሊዎች ነበሩን፤ ዛሬም አሉ። የመጀመሪያውን ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ እናነባለን፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ረድፍ እንወርዳለን፤ ታሪኩ በሥዕል ይሄዳል። ዛሬ ልጆቻችን ኮሚክ የሚሉት፣ ረዘም ሲል ደግሞ ሥዕላዊ ልብ ወለድ የሚባለው ነገር አሠራሩ ይኸው ነው። ስለዚህ «የሥዕል መጽሐፍ የፈረንጅ ነው» ለሚል ሰው መልሳችን ጎንደር ላይ አለ።

ፊርማ የሌለው ደረሰኝ

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። በየመደብሩና በየመንገዱ የሚሸጡትን የልጆች መጻሕፍት አንስታችሁ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ተመልከቱ። በብዙዎቹ ላይ የማተሚያ ቤቱን ስልክ ታገኛላችሁ፤ ዋጋው በጉልህ ተጽፏል። የደራሲው ስም አንዳንዴ ይኖራል። የሠዓሊው ስም ግን በብዛት የለም። አንበሳው ከአንድ ቦታ፣ ቤቱ ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። በአንዱ ገጽ ላይ ልጅቷ ቀይ ቀሚስ ለብሳለች፤ በሚቀጥለው ገጽ ሌላ ልጅ ሆናለች።

እኔ በሥራዬ ፊርማ የሌለው ደረሰኝ ሲመጣልኝ አልቀበልም። ብሩ ትንሽ ሆነ ትልቅ ለውጥ የለውም፤ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ስሙን ያስቀምጥ እላለሁ። በመጽሐፍም እንዲሁ ነው። ስሙን ያስቀመጠ ሠዓሊ ሥራው እንዲታወቅለት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይጠነቀቃል። እኛም ስሙን ካወቅን ሌላ ሥራውን ፈልገን እናገኛለን። ስም የሌለው መጽሐፍ ግን ወደ ሌላ መጽሐፍ አያደርሰንም።

በሌላው ዓለም ይህን ነገር በቁም ነገር ይዘውታል። በአሜሪካ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካልዴኮት የሚባል ሜዳሊያ በየዓመቱ ይሰጣል፤ ሽልማቱ ለልጆች መጽሐፍ ሠዓሊ ነው እንጂ ለጸሐፊው አይደለም። በሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ስም የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሽልማት ደግሞ በ1956 እ.ኤ.አ. ለደራሲዎች ጀመረ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1966 እ.ኤ.አ.፣ ለሠዓሊዎችም መስጠት ተጀመረ።

ከአንድ ስም ወደ ሌላ ስም

በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ሁሉ የአባባ ተስፋዬ ሳህሉን ስም ታውቃላችሁ። በአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረው፣ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ዐረፉ። የተረት መጻሕፍትም ጽፈዋል። ከእሳቸው በፊት የነበሩት የክቡር ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ስንቱን ትውልድ ፊደል አስለምዷል። እነዚህን ስሞች ስንጠየቅ ወዲያው እንናገራለን። ነገር ግን «ለልጆች መጽሐፍ ሥዕል የሣለ አንድ ኢትዮጵያዊ ጥሩ» ብባል፣ ይህን ንግግር ለማዘጋጀት መፈለግ እስከጀመርኩ ድረስ እኔም መልስ አልነበረኝም። ፍለጋው ያደረሰኝን ልንገራችሁ። አንዱ ስም ሌላውን እየጠራ ነው የሄደው።

የመጀመሪያው ስም ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ነው። ዮሐንስ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ተውሶ ያነበበው በ19 ዓመቱ ነው። በስደት አሜሪካ ገብቶ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ባለሙያ ሆነ። እዚያ በብዙ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ተደርድረው ሲያይ በአማርኛ የተጻፈ አጣ። ስለዚህ ሁላችንም የምናውቀውን የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፎ በ2002 እ.ኤ.አ. ባለቀለም የሥዕል መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። ሥዕሉን የሣለው ቦጋለ በላቸው ነው። ይኸው፣ ስሙ መጽሐፉ ላይ አለ። ከመጽሐፉ ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ ቤተ መጻሕፍት ለማቋቋም ረዳ። ዮሐንስ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ሠፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በኋላም ሐዋሳ ላይ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ እየተጫኑ ወደ ልጆች የሚሄዱበት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። በ2008 እ.ኤ.አ. ሲኤንኤን ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጠው። እዚህ ያላችሁ ደጋፊዎቻችን ይህን ልብ በሉልኝ፦ ነገሩ የተጀመረው በአንድ ተረት፣ በአንድ ጸሐፊና በአንድ ሠዓሊ ነው።

የዮሐንስ ስም ወደ ጄን ከርትዝ ይወስዳል። ኢትዮጵያ ሪድስ የሚባለውን ድርጅት አብረው ነው ያቋቋሙት። ጄን አሜሪካዊት ናት፤ ልጅነቷን ያሳለፈችው ግን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በማጂ ነው። በተራራ ብርድ ሌሊቱን ያለ እሳት አድሮ ጌታውን የረታውን፣ ነገር ግን «ሩቅ ያለ እሳት አይተህ ሞቀሃል» ተብሎ ዋጋውን የተከለከለውን ልጅ ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፍርዱ የተገኘው እንግዶች ተጠርተው የወጡን ሽታ ብቻ ሲያሸቱ ነው። ጄን ይህን ተረት በ1994 እ.ኤ.አ. በሥዕል መጽሐፍ አወጣችው። ሥዕሉ የኢ. ቢ. ሉዊስ ነው፤ ጥቁር አሜሪካዊ የውኃ ቀለም ሠዓሊ ነው፤ የመጀመሪያ መጽሐፉም ይህ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ርግብ ስለሚያረባ ልጅ የተጻፈውን መጽሐፍም ሥሏል። እንጀራ ልጇን ለመውደድና ለመወደድ ብላ የአንበሳ ፀጉር ስለነቀለችው ሴት የሚነገረውን ተረት ደግሞ ናንሲ ሬይንስ ደይ ጽፋዋለች፤ አን ግሪፋልኮኒ ሥላዋለች። በ1995 እ.ኤ.አ. ወጣ። ክሪስቲና ኬስለር በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣችው መጽሐፍ አልማዝ ስለምትባል የላሊበላ ልጅ ነው። አልማዝ ንብ ማነብ ትፈልጋለች፤ ወንዶቹ «ይህ የወንድ ሥራ ነው» ብለው ይሥቁባታል፤ እሷ ግን አትተወውም። ሥዕሉን የሣለው ሌናርድ ጄንኪንስ ነው። ለሴቶች ማኅበር ልጆች ከዚህ የሚስማማ ታሪክ ከየት ይመጣል?

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን የሚመጣ ነገር ልንገራችሁ። ጄን ከርትዝ በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው አንድ የልጆች ልብ ወለድ አለ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የተረት ነጋሪዋ ዶቃዎች» ማለት ነው። የሥዕል መጽሐፍ አይደለም፤ ከፍ ላሉ ልጆች ነው። ባለታሪኮቹ ሁለት ልጃገረዶች ናቸው፤ አንዷ ሣሃይ ትባላለች፣ ቅማንት ናት። ሌላዋ ራሔል ትባላለች፣ ቤተ እስራኤል ናት፣ ዓይኗም አያይም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ረሃብና ጦርነት ጊዜ ከጎንደር ምድር ወደ ሱዳን በእግር ይሰደዳሉ። እንዲፈራሩ ሆነው ያደጉ ናቸው፤ መንገዱ ግን አንዷን ለሌላዋ ዓይንና እጅ አደረጋት። እናቶቼ፣ ያ ወደ ሱዳን የሚወስድ መንገድ በእኛ በጭልጋ በኩል ነው የሚያልፈው። ጄን ሌላም ጽፋለች። በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣችው መጽሐፍ ሳባ ስለምትባል ልጅ ሲሆን ታሪኩ የሚሆነው በ1846 እ.ኤ.አ. በጎንደር ነው። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ነው የተጻፉት። ስለ እኛ ምድር የተጻፈውን አሜሪካ ያለ ልጅ አንብቦታል፤ አይከል ያለች ልጅ ግን ርዕሱንም አልሰማችም። መጽሐፉን የማናውቀው የደራሲዋን ስም ማንም ስላልነገረን ነው።

ብሪታኒያዊቷን ኤልሳቤጥ ሌርድንም ጨምሩ። በወጣትነቷ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ አስተማሪ ነበረች። ኋላ ተመልሳ በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ በየክልሉ እየዞረች ተረት ነጋሪዎችን አዳምጣ ሰበሰበች፤ ከዚያም በ2000 እ.ኤ.አ. ለልጆች መጽሐፍ አወጣች። የእሷ አሠራር ለእኛ ትምህርት ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከፍ ላሉት ልጆች

አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላቸው ልጆች «የሕፃን መጽሐፍ ነው» ብለው የሥዕል መጽሐፍ ይተዋሉ። ስልክ ላይ የሚያፈጡትም በዚህ ዕድሜ ነው። ለእነሱ ኮሚክ አለ። በሥራት ደበበ የተባለ ወጣት ኢታን ኮሚክስ የሚባል ድርጅት መሥርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር»ን አወጣ። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ይባላል፤ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ነው፤ ከሰው በላይ የሆነ ኃይል ያገኛል። ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ልጅ በየቤታችን ስላለ ታሪኩ ሩቅ አይሆንባቸውም። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ሐዊ» ወጣች፤ ባለታሪኳ ከውጭ አገር ከእናቷ ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣች ልጃገረድ ናት። «ጀምበር» በአማርኛም ተዘጋጅቷል።

ብሩክታዊት ጥጋቡን ብዙዎቻችሁ በስም ባታውቋትም ሥራዋን ታውቃላችሁ። አስተማሪ ነበረች። ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ፀሐይ የምትባለውን ቀጭኔ በቴሌቪዥን ያመጣችልን እሷ ናት፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ነው የተጀመረው። በኋላ «ጥበብ ገርልስ» የሚለውን ሥራ ይዛ መጣች፤ ሦስት ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶች ልዩ ኃይል ይዘው ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ስለ ወር አበባ ያለውን ዝምታ ይጋፈጣሉ። እኛ በማኅበራችን በስብሰባ የምንናገረውን ነገር እነሱ በሥዕል ለልጆቹ ያቀርቡታል።

ወደ ውጭ ስናይም የሴቶችን ስም እናገኛለን። የኮትዲቯሯ ማርገሪት አቡዌ «አያ» ስለምትባል የአቢጃን ወጣት ሴት ጻፈች፤ ክሌማን ኡብረሪ ሣለው፤ የመጀመሪያው ቅጽ በ2005 እ.ኤ.አ. ወጣ። ኢራናዊቷ ማርጃን ሳትራፒ የራሷን የልጅነት ታሪክ ራሷ ጽፋ ራሷ ሣለች፤ «ፐርሴፖሊስ» ይባላል። ይህ ለትንንሽ ልጆች አይደለም፤ ለትልልቆቹና ለእኛ ለእናቶች ነው። የጠቀስኩት ሴት ልጅ ያየችውን ችግር በጥቁርና ነጭ ሥዕል ለዓለም መናገር እንደምትችል እንድናውቅ ነው።

ካርቶኑና ሂሳቡ

አሁን ወደ ክርክራችን ልመለስ። «ነፃ መጽሐፍ እያለ ለምን እንገዛለን?» ለሚለው በሂሳብ ልመልስ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው።

አንድ ጥሩ የአማርኛ ሥዕላዊ መጽሐፍ 200 ብር ቢሆን፣ 30 መጽሐፍ ብንገዛ 6,000 ብር ነው። 40 ልጆች እያንዳንዱን መጽሐፍ ሁለት ሁለት ጊዜ ቢያነቡ 2,400 ንባብ ይሆናል። ስናካፍለው አንዱ ንባብ 2 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በዚያ ገንዘብ ዛሬ ምን ይገዛል? አሁን ካርቶኑን እንይ። ዋጋው ዜሮ ነው እንበል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ጎንደር፣ ከጎንደር አይከል ድረስ ማጓጓዣ አለው፤ መደርደሪያ ይፈልጋል፤ የሚመዘግበውም ሰው ጊዜ አለው። በውስጡ ያለው ስለ በረዶና ስለ ገና ዛፍ በረጅም እንግሊዝኛ የተጻፈ ከሆነ፣ ማንም ካላነበበው ወጪውን ለምን እናካፍለዋለን? ለዜሮ ማካፈል አይቻልም። ትምህርት ቤት የተማርነው ነው።

ይህን የምለው ደጋፊዎቻችንን ለማስቀየም አይደለም፤ እናንተ ባትኖሩ መደርደሪያውም አይኖርም ነበር። የምለው፣ በካርቶን ፈንታ በስም እንነጋገር ነው። እኛ «ይህን ደራሲ፣ ይህን ሠዓሊ» ብለን ዝርዝር እንላክላችሁ፤ እናንተ አሥሩን ፈልጋችሁ ላኩልን። ከመቶ የማይነበቡ መጻሕፍት አሥር የሚነበቡ ይበልጣሉ። ደግሞም የአገር ውስጥ መጽሐፍ ስትገዙልን የአገራችን ጸሐፊና ሠዓሊ እንጀራ ያገኛል፤ ሁለተኛ መጽሐፍም ይሠራል።

ገንዘብ ባይኖርም መንገድ አለ። በስልካችን የምናገኛቸው ነፃ የልጆች መጻሕፍት አሉ። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ፕሮጀክትና ስቶሪዊቨር የሚባለው የሕንድ የመጻሕፍት ድረ ገጽ በአማርኛም የሥዕል መጻሕፍት ያቀርባሉ። ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ የሚባለውም በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመርቆ በአማርኛ መጻሕፍት አቅርቧል። ከእነዚህ መጻሕፍት አብዛኞቹ የጸሐፊውንና የሠዓሊውን ስም እስከጠበቅን ድረስ ማተም፣ መተርጎምም የሚፈቀድባቸው ናቸው። ኦፕን ሃርትስ ቢግ ድሪምስ ከኢትዮጵያ ሪድስ ጋር ያዘጋጃቸው አጫጭር የሁለት ቋንቋ መጻሕፍትም አሉ፤ ጄን ከርትዝም ሠርታበታለች። ኮድ ኢትዮጵያ ደግሞ በትንንሽ ከተሞች የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍትን ይደግፋል፤ በአገር ቋንቋዎችም የልጆች መጻሕፍት ያሳትማል። ለእነዚህ ደብዳቤ መጻፍ የሚያስከፍለን ወረቀትና ጊዜ ብቻ ነው።

ነገሩ ቅንጦት እንዳይመስለን አንድ ቁጥር ልጨምር። በ2010 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ በክልላችን የደረሰውን፣ ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደቆየ እኔ አልነግራችሁም፤ ልጆቻችሁ ቤት ውለዋልና። መምህር በሌለበት ቀን ልጅን ይዞ የሚውል መጽሐፍ ቢኖር ሥዕሉ የሚጠራው መጽሐፍ ነው።

ገና ያልተሣለው

ስሞቹን ስከታተል አንድ ነገር ሆዴን ባር ባር አለው። የማሞ ቂሎ ተሥሏል። የላሊበላዋ ንብ አናቢ ተሥላለች። የአይከልን ገበያ፣ የጭልጋን ደጋ፣ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ የሚመለሱትን ወንድሞቻችንን፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የምንለብሰውን ቀሚስ የሣለ የልጆች መጽሐፍ ግን አላገኘሁም። ቅማንትኛ የሚናገሩ አረጋውያን ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው፤ የሚያውቁት ተረት አብሯቸው እንዳይሄድ እፈራለሁ።

ኤልሳቤጥ ሌርድ ያደረገችው ምን ነበር? ቁጭ ብላ አዳመጠች፤ የነገራትን ሰው አስታወሰች፤ ጻፈች። ይህን እኛ ማድረግ ያቅተናል? ከመሐላችን ተረት ሲጀምሩ ልጅ ሁሉ የሚሰበሰብላቸው እናቶች አሉ። ጥሩ የሚጽፉ መምህራን አሉን። በእርሳስ የሚሥሉ ልጆች አሉን፤ የደብተራቸው የኋላ ገጽ ይመሰክራል።

ስለዚህ ለጉባኤው አራት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለልጆች መጻሕፍት በዓመታዊ በጀታችን ላይ አንድ መስመር ይከፈት። መጠኑን ጉባኤው ይወስን፤ ትንሽ ይሁን፣ ነገር ግን በየዓመቱ ይኑር። መስመር የሌለው ነገር ሲቸግረን መጀመሪያ የሚረሳው ነው።

ሁለተኛ፣ የንባብ ጥጋችን መዝገብ አሁን «ርዕስ» እና «ብዛት» ብቻ ነው ያለው። «ደራሲ»፣ «ሠዓሊ» እና «ልጆች ስንት ጊዜ አነበቡት» የሚሉ ዓምዶች ይጨመሩበት። መዝገቡን እኔ አዘጋጃለሁ። ከስድስት ወር በኋላ የትኛው ደራሲና የትኛው ሠዓሊ እንደተወደደ ቁጥሩ ይነግረናል፤ ቀጣዩን የምንገዛው በዚያ ነው።

ሦስተኛ፣ ለደጋፊዎቻችን በስም የተዘረዘረ ጥያቄ ይላክ። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይምጣ፤ ግን ስለ እኛ ምድር የተጻፉት ይቅደሙ።

አራተኛ፣ በዚህ ክረምት ከእናቶች አምስት ተረት ይሰብሰብ። መምህራን ይጻፉት፤ ልጆች ይሣሉት። በፎቶ ኮፒ በስቴፕለር ተያይዞ ቢወጣም ይበቃል። ነገር ግን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት ስም ይጻፍ፦ የነገረችው እናት፣ የጻፈው ሰው፣ የሣለው ልጅ። ፈቃዳቸውም ይጠየቅ፤ ተረቱ የጋራችን ቢሆን አነጋገሩና ሥዕሉ የባለቤቱ ነው።

ፊደል ያልቆጠረች እናት ስሟ በመጽሐፍ ላይ ታትሞ ልጇ ሲያነብላት አስቡት። እኔ በበኩሌ ያን ቀን ለማየት መዝገብ ማስተካከሉ አይከብደኝም።

ጥያቄ ካላችሁ እመልሳለሁ፤ ስለ ሂሳቡም ቢሆን።